የልጄ እግር፣ የትምህርት ቤቱ ፎርምና የእናቴ ወጌሻ

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም ለሁላችሁ። ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። ትልቋ ልጄ 8 ዓመቷ ነው። ማታ ማታ "እማ፣ እግሬን" እያለች ታለቅሳለች። ጠዋት ምንም እንዳልነበር ተነስታ ትሮጣለች። ስፖርት የነበራት ቀን ይብስባታል። እሁድ ቅዳሴ ላይ ትንሽ እንደቆመች ነጠላዬን ይዛ ትንጠለጠላለች። ስልቹነት መስሎኝ ስንቴ ተቆጥቻታለሁ። አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል።

ሐኪሟ ትንሿን ጣቷን ወደ ኋላ አጠፈችው፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። አውራ ጣቷ ተጣጥፎ ክንዷን ነካ። ጉልበቷን ሳታጥፍ መዳፏን መሬት ላይ አሳረፈች። በዚህ ፍተሻ ከዘጠኝ ነጥቦች ሰባቱን አገኘች። መገጣጠሚያዋ በጣም ልል ነው፣ ሀይፐርሞቢሊቲ ይባላል አለችኝ። ፊዚዮቴራፒ አዘዘችላት።

አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ፎርም ልኮልኛል። ስትጽፍ እጇ ቶሎ ስለሚደክም እንገምግማት፣ ፈርሚ ነው የሚለው። እዚህ አሜሪካ የጠየቅነው የአሳይለም (የጥገኝነት) ጉዳያችን ገና አልተወሰነም። ብፈርም ልጄ አካል ጉዳተኛ ተብላ ትመዘገባለች? ጉዳያችንን ይነካብን ይሆን? እናቴ በበኩሏ "ወለምታ ነው፣ ክረምት ላይ አገር ቤት ላኪያትና ወጌሻ ይያት" ብላ ይዛኛለች። ምን ትላላችሁ?

ወንድማችሁ፣ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)
እህቴ አይዞሽ። ይህን መንገድ ከልጄ ጋር ሄጄበታለሁ። የሕዝብ ትምህርት ቤት ልጅን በመኖሪያ ወረቀት ምክንያት ሊመልስ አይችልም። በፈረንጆች 1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው ነገር ነው። ፎርሙ "504" ለሚባለው እቅድ ይመስለኛል። ስሙ የመጣው አካል ጉዳተኞችን ከመድልዎ ከሚከላከለው የ1973ቱ ሕግ አንቀጽ 504 ነው። ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ለጽሑፍ ተጨማሪ ሰዓት፣ ወፍራም እርሳስ፣ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ በኮምፒውተር መጻፍ፣ በስፖርት ሰዓት ሲያማት ማረፍ። የልጄ እጅ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ ነው የተስተካከለው።

ስብሰባ ሲጠሩሽ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። ገንዘብ አያስከፍሉሽም፣ ግዴታቸው ነው። ልጅሽን እንድታስተረጉምልሽ በፍጹም አታድርጊ። የጠየቅሽውን ሁሉ በጽሑፍ አድርጊው፣ ቀን ጻፊበት፣ ቅጂ አስቀሪ።

የአሳይለሙን ግን ጠበቃሽን ጠይቂ። ልጅቷን ስለመላክም ሳታማክሪ ትኬት እንዳትቆርጪ። ጉዳዩ ሳያልቅ ሸሽተው ወደወጡበት አገር መመለስ ማመልከቻውን እንደተውሽው ሊያስቆጥር ይችላል።

ነርስ ነኝ፣ ሚኒያፖሊስ
የኔ እህት፣ ስለ ቁጣው ራስሽን አትውቀሺ። ልጅ ጠዋት ሲሮጥ እያየ ማን ያምናል? ግን ህመሙ የእውነት ነው። መገጣጠሚያው ሲላላ የሚይዘው ጡንቻው ነው። ጡንቻው ቀኑን ሙሉ ሲታገል ውሎ ማታ ይደክማል። ቅዳሴ ላይ መቆም የከበዳት ለዚህ ነው፤ ከመሮጥ ይልቅ ዝም ብሎ መቆም የሚከብዳቸው አሉ። ጥግ ላይ ትቀመጥ፣ እግዚአብሔር አይቀየማትም።

ብዙ ልጆች ልል መገጣጠሚያ አላቸው፣ አብዛኞቹን ምንም አያማቸውም። ሲያድጉም እየጠበቀ ይሄዳል። ከስፖርት አታስቀሪያት። ዋና፣ ብስክሌት፣ የታዘዘላት እንቅስቃሴ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። እንግዳ ሲመጣ "እስቲ ጣትሽን አጥፈሽ አሳያቸው" የሚባለው ግን ይቅር።

ቶሎ ወደ ሐኪም የሚያስኬደው ይሄ ነው፦ መገጣጠሚያ ካበጠ፣ ጠዋት ስትነሳ ካነከሰች፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ክብደት ከቀነሰች፣ ወይም ህመሙ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ።

ወጌሻ ደግሞ አደራሽን! የላላን መገጣጠሚያ ጎትቶ "መመለስ" የባሰ ያላላዋል።

አባት፣ ስቶክሆልም
ቫይታሚን ዲ ተለክቶላታል? የእኔ ልጅ እግሬን ሲል ከርሞ እጥረት ሆኖ ነው የተገኘው። እዚህ ክረምቱ ጨለማ ነው፣ የኛ ቆዳ ደግሞ ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል። ጠብታ ጀመረና ተሻለው።

ከዳላስ
ነርሷ ልጄ፣ እውቀትሽን አከብራለሁ። ወጌሻን ግን እንዲህ አታቃልዪ። በልጅነቴ ከበቅሎ ወድቄ ክንዴ ሲወልቅ የመለሰችልኝ የሰፈራችን ወጌሻ ናት። ዛሬ 61 ዓመቴ ነው፣ በዚያው ክንድ መኪና እየነዳሁ ልጆች አሳድጌያለሁ። ሐኪም ቤት የአንድ ቀን መንገድ ነበር። የአያቶቻችንን እጅ ባንንቅ ጥሩ ነው።

ነርስ ነኝ፣ ሚኒያፖሊስ
ጋሼ፣ ንቀት አይደለም። አገር ቤት ስሠራ ስብራቱ በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ ልጅ መጥቶልን ነበር። ደም ሳይደርሳቸው ቆይተው ጣቶቹ ጠቁረዋል። እጁ ተቆረጠ። እናቱ ኮሪደር ላይ መቀነቷን ስታጠብቅ፣ ስትፈታ፣ ስታጠብቅ አይቻታለሁ። እርስዎን የመለሱት ሴትዮ ጎበዝ ይሆናሉ። የዚህች ልጅ ግን ውልቃትም ስብራትም አይደለም፤ የሚመለስ ነገር የለም።

ከዳላስ
አንድ ያልቻለ አሰረ ብሎ ሁሉን መፈረጅ ትክክል አይደለም። ሐኪምም ይሳሳታል።

ከሪያድ
ይቅርታ፣ ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ ሳነበው ግን አላስቻለኝም። ልጄ ደሴ እናቴ ጋ ነው። ጥዬው ስመጣ 3 ዓመቱ ነበር፣ አሁን 9። እሱንም ማታ ማታ እግሩን ያመዋል። እናቴ ቅቤ አሙቃ ታሸዋለች፣ እኔ በስልክ እሰማለሁ። ለሐኪም ብዬ የላክሁት ብር ለቤት ኪራይ ሆነ፤ አልፈርድባትም። አንቺ ልጅሽ አጠገብሽ ናት። ማታ እግሯን እሺልኝ።

ነርስ ነኝ፣ ሚኒያፖሊስ
እህቴ፣ ቀስ ተብሎ መታሸት አይጎዳውም፣ ሙቀቱም ያሳርፈዋል። የሚያስፈራው መጎተቱ ነው። እብጠትና ማነከስ እንዳለ እናትሽን ጠይቂልኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሪያዷ እህቴ፣ ትናንት ማታ የልጄን እግር ሳሽ ልጅሽ ከሐሳቤ አልወጣም። ለእናቴ ደውዬ ዘንድሮ እንደማንመጣ ነገርኳት። "እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ" ብላ ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት። የቫይታሚን ዲውን እጠይቃለሁ። ጠበቃው እስካሁን አልደወለልኝም። ፎርሙ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፣ ስብሰባው ሐሙስ ነው። ጉዳያቸው ሳያልቅ የፈረመ ሰው ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ።

ከዳላስ
ልጄ፣ እናትሽን ደግመሽ ደውይላቸው።