የጻፍኩትን ለመለጠፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ እናንተ እንዴት ለመዳችሁት?

ጥያቄ፦ ተረኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። 29 ዓመቴ ነው። አዳማ ነው የምኖረው፤ ነርስ ነኝ። ማታ ተረኛ ስሆን፣ ክፍሉ ጸጥ ሲል፣ ስልኬ ላይ አጫጭር ልቦለድ እሞነጫጭራለሁ። አሁን 40 ገደማ ደርሰዋል። ከእኔ በቀር ያነበባቸው ሰው የለም።

ባለፈው ወር እንደምንም ደፍሬ አንዱን ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ባሏ ስለሞተባት ሴት ነው። ድንኳን ተተክሏል፣ ለቀስተኛው ሞልቷል፣ እሷ ግን እንባ እምቢ ብሏታል። ቁጭ ብላ ከዕድር የመጣውን ሳህን ትቆጥራለች።

ልጥፉ የቆየው 11 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሳቅ ምልክት አደረገበት። (ምኑ ነው የሚያስቀው?) ቀጥሎ አክስቴ በውስጥ መስመር መጣች፦ «ይሄ የጎረቤታችን ለቅሶ አይደለም እንዴ?» ወዲያው አጠፋሁት። ልቤ እስኪረጋጋ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በዚያች ሰዓት ግፊቴን ብለካው ኖሮ ራሴን አልጋ አስይዝ ነበር።

የሰው ደም ሥር ፈልጌ መርፌ ስሰካ እጄ አይንቀጠቀጥም። «ለጥፍ» የምትለዋን ለመንካት ግን ይንቀጠቀጣል። እናንተ እንዴት ለመዳችሁት? እባካችሁ «በራስሽ ተማመኚ» ብቻ አትበሉኝ። እሱን ለራሴ ስንቴ ነግሬዋለሁ።

መልስ፦ ሻይ በዝንጅብል

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሪ። ወረቀት አንሺና «ይሄን እንዳያነብብኝ» የምትያቸውን ሰዎች በስም ጻፊ። እኔ ስጽፍ አምስት ሰው ብቻ ወጣ። አለቃዬ፣ ሁለት የአጎቴ ልጆች፣ የድሮ ጓደኛዬ፣ እናቴ። አንድም የማላውቀው ሰው የለበትም! እኔ ሕዝብ የፈራሁ መስሎኝ ነበር። ለካስ የፈራሁት አምስት ሰው ነው። ይሉኝታ የሚይዘን ከሚያውቁን ጋር ነው።

ስለዚህ ከማያውቁሽ ጀምሪ። ፌስቡክን ለጊዜው እርሺው፤ እዚያ ቤተ ዘመዱ ሁሉ አለ። ቴሌግራም ላይ ቻናል ክፈቺ። ቻናል ላይ የሚታየው የቻናሉ ስም ነው፤ ያንቺ አይደለም። ግን እነዚህን ሳታስተካክዪ እንዳትጀምሪ፦

ቻናሉን መጀመሪያ «ፕራይቬት» አድርጊው። ሊንኩን የሰጠሽው ሰው ብቻ ይገባል። በኋላ ሐሳብሽን ስትቀይሪ ለሁሉም መክፈት ትችያለሽ።

መልእክት ላይ ስም የሚፈርም ማብሪያ አለ። መጥፋቱን አረጋግጪ። እኔ ሳላየው ቀርቼ ሦስት ግጥም በሙሉ ስሜ ወጥቷል።

ስልክ ቁጥርሽን ከፕራይቬሲ ውስጥ ገብተሽ ማንም እንዳያየው አድርጊ።

ኮሜንት የሚመጣው የውይይት ግሩፕ ከቻናሉ ጋር ካያያዝሽ ነው። አታያይዢ። የሳቅ ምልክቱንም መዝጋት ይቻላል። ባልደረባሽ ሌላ ቦታ ሄዶ ይሳቅ።

መልስ፦ ዝምታ ይሻለኛል

የላይኛው ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እኔን ከስድብ ይበልጥ ያመመኝ ዝምታ ነው። ለጥፌ እዚያው አፍጥጬ እጠብቃለሁ። ዓይኗ ምልክት ላይ 14 ይላል። 14 ሰው አይቶት አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ከዚያ «ቆሻሻ ጽሑፍ ስለሆነ ነው» ብዬ አጠፋዋለሁ።

አሁን ለጥፌ አልቀመጥም። ቴሌግራም ላይ የመላኪያዋን ቀስት ጫን አድርገሽ ብትይዢ፣ በስንት ሰዓት እንዲወጣ እንደምትፈልጊ ይጠይቅሻል። ተረኛ በምትሆኚበት ሰዓት እንዲወጣ አስይዢውና ስልክሽን ቆልፈሽ ግቢ። አንቺ ታማሚ ስታገላብጪ እሱ በራሱ ይወጣል። ጣትሽም አይንቀጠቀጥም፤ የነካሽው ከስድስት ሰዓት በፊት ነዋ።

መልስ፦ ንጉሡ ሠ

እኔ ደግሞ ያ ሁላችሁም የምትፈሩት ሰው ነኝ። ኮሜንት ላይ «ዓመት በዓይኑ ዐ ነው» እያልኩ የምጽፈው። ምስጢሬን ላውጣ፦ የማርመው እስከ መጨረሻ ያነበብኩትን ብቻ ነው። የማይረባውን በሁለተኛው መስመር ትቼው እሄዳለሁ።

የሀ፣ ሐ፣ ኀ ነገር ሌሊት እንቅልፍ አይንሳሽ። አንዱን ምረጪና እስከ መጨረሻ በሱ ጻፊ። የሚያናድደኝ አንድ ገጽ ላይ «ፀሐይ»ም «ጸሃይ»ም ሳይ ነው።

መልስ፦ አባ ቆጥር

ልጄ፣ እኔ ስልክ አጠቃቀሙን ለልጆቹ ትቼዋለሁ። በልጅነቴ ጎጃም ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር፤ አልዘለቅሁበትም። ግን የጠየቅሽው ነገር እዚያም ነበር።

ቅኔ ቤት ተማሪው ጥላ ፈልጎ ብቻውን ይቀመጣል። ይቆጥራል፤ ማለት በልቡ ቅኔውን ይሠራል። ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። ብቻቸውን አይደሉም፤ ጓደኞቹ ሁሉ ዙሪያውን ተቀምጠው ይሰማሉ። የመጀመሪያው ቀን ድምፄ አልወጣ አለ። መምህሩ «አልሰማሁም» አሉ። ደገምኩ። «አልሰማሁም» አሉ። ሦስተኛው ላይ ጮህኩት። ስሕተት ነበር። አቃንተው መለሱልኝና ወደሚቀጥለው ልጅ ዞሩ። አለቀ። እኔ ቀኑን ሙሉ በሀፍረት ተሸማቅቄ ዋልኩ። በኋላ ጓደኛዬን «እንዴት ነበር የኔ?» ብለው «የቱ?» አለኝ። አልሰማኝም። የራሱን እየቆጠረ ነበር።

ሌላው፣ መወድስ በሚባለው ረጅም ቅኔ ማንም አይጀምርም። መጀመሪያ ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ። ቀጥሎ ዘአምላኪየ፤ ሦስት ቤት። መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ እዚያ እስኪደረስ ብዙ ወንዝ ይሻገሩታል። አንቺ ግን በአንድ ቀን፣ ሙሉ ታሪክ፣ ለሙሉ ዘመድ! በመወድስ ጀመርሽ እኮ ልጄ። ሁለት ቤት የምታህል ነገር ለጥፊ። ከታሪኩ አንዲት ሁለት ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ሦስት።

አንድ የሚያቃና ሰውም ፈልጊ። የሚያጨበጭብ አልወጣኝም።

ተረኛዋ

አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «የቱ?» ያለዎትን ጓደኛዎን ሳስብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ግን አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። አክስቴ ልክ ናት። ሴትየዋ ጎረቤታችን ናት። ሳህን ስትቆጥር በዓይኔ አይቻታለሁ። ስሟን ቀይሬዋለሁ እንጂ ሌላው እንዳለ ነው።

መልስ፦ ቀይ እስክሪብቶ

እንግዲያው ፍርሃትሽ ግማሹ ልክ ነው። እዚህ ሁሉም «ፍርሃትን አሸንፊ» ይልሻል፤ እኔ ግን የሰው ጽሑፍ በማረም ነው የምተዳደረውና አልልሽም። ያንቺ ሆድ ቀድሞ ያወቀው ነገር አለ። ሴትየዋ ብታነበው ምን ይሰማታል? ባሏ ሞቶ አላለቀሰችም ተብላ ተጽፋለች። በእኛ አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ስም መቀየር አይበቃም። ስሟን ቀይረሽ ሳህኑን ከተውሽው ሰፈሩ ያውቃታል። ሰው የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን በሳህኑ ነው። ባልየውን አባት አድርጊው። ሳህኑን ሌላ ነገር አድርጊው። ከተማውን አርቂው። ከሦስት ለቅሶ ያየሽውን አንድ ላይ ስፊው። አንድ ነገር ብቻ እንዳትነኪ፦ እንባ እምቢ ያላት ሴት፣ እጇ ሥራ ሲፈልግ። ታሪኩ እሱ ነው፤ ሌላው ልብስ ነው።

ነርስ መሆንሽንም አትርሺ። ካርድ ላይ የሚጻፍ ነገር፣ የበሽታው ስም፣ የገባበት ቀን፣ የተኛበት አልጋ፣ እነዚህ ታሪክ ውስጥ አይግቡ። ቤተሰቡ ያውቀዋል። ሥራሽንም ሊያሳጣሽ ይችላል። ይሄ ሲስተካከል የሚቀረው ፍርሃት ተራ ፍርሃት ነው። እሱ በልማድ ይለቃል።

መልስ፦ የኩዌቷ

እኔ ተምሬ እስከ ስምንት ነው። ፊደል እሳሳታለሁ። ንጉሡ ሠ እንዳያየኝ 😄። ማዳም ስትተኛ ግጥም እጽፋለሁ። ለመለጠፍ ግን ሞቼ ነው። ከዚያ ለሦስት ያገሬ ልጆች በዋትስአፕ በድምፅ ቀድቼ ላክሁ። በድምፅ ሲሆን ፊደል የለም፣ ፊትም የለም። አንዷ አለቀሰች። አንዷ የልብ ምልክት ላከች። ሦስተኛዋ «ረዘመብኝ» አለች። ያን ቀን ተናድጄባት አልመለስኩላትም። አርብ ዕረፍቴ ነው፣ ተቀምጬ ሳዳምጠው እውነትም ረዝሟል። ግማሹን ቆረጥኩት። አሁን ከሁሉ ቀድሜ የምልከው ለሷ ነው።

መልስ፦ የተሰረቀው

ሻይ በዝንጅብል፣ ስም ሳይታይ ስለ መለጠፍ የሰጠሽውን ምክር እቀበላለሁ፤ ግን ጣጣም አለው። እኔ ሁለት ዓመት በብዕር ስም ጻፍኩ። አንድ ታሪኬን ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ ኮፒ አድርጎ ስሜን አውጥቶ ለጠፈው። «የኔ ነው» ብል ማን ያምነኛል? ያን ስም የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። እህቴ ራሷ ታሪኩን «አንብበው፣ ደስ ይላል» ብላ ላከችልኝ።

መልስ፦ ሻይ በዝንጅብል

ውይ፣ ያሳዝናል! ግን ሕጉ ካንተ ጋር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ ይሰጣል። ካልተመዘገበ አይሉህም። ጥበቃው የጸሐፊውን ዕድሜ ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ነው። ሐሳቡን ሳይሆን የጻፍከውን ነው የሚጠብቀው፤ ስለ ለቅሶ ሌላ ሰው ቢጽፍ መብቱ ነው።

ችግሩ ማስረጃ ላይ ነው። ረቂቆችህን አትጣል። ሳትለጥፍ በፊት ለራስህ በኢሜይል ላከው፤ ቀኑ እዚያው ይቀመጣል። የብዕር ስምህን የሚያውቅ አንድ የምታምነው ሰውም ይኑር። ተረኛዋ፣ ይሄ ላንቺም ነው።

ተረኛዋ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ተመልሼ መጣሁ። ባልየው አባት ሆነ። አዳማ ቀርታ ስሟ የማይጠራ ደጋ ከተማ ሆነ። ሳህኑ ብርጭቆ ሆነ። እንደገና ስጽፈው ሁለት ተረኛ ሌሊት ወሰደ። የገረመኝ፣ ከመጀመሪያው ይሻላል።

ፕራይቬት ቻናል ከፈትሁ። ስድስት ሰው አለ። ሁለቱ ከዚህ ናቸው፣ ስማቸውን አልናገርም። (አንዱ ፊደል ያርማል።) መጀመሪያ አባባ እንዳሉት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ለጠፍሁ። ማንም ምንም አላለም፤ እኔም አልሞትኩም። ትናንት ሙሉውን ማታ 4 ሰዓት ላይ እንዲወጣ አስይዤ ሥራ ገባሁ። ስልኬን ሎከር ውስጥ ቆለፍሁት። እውነቱን ለመናገር ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሎከሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። አልከፈትሁም።

ጠዋት ስወጣ 6 ይላል። አንዷ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «መጀመሪያ ላይ 24 ብርጭቆ ቆጠረች፤ ወደ መጨረሻው 26 ሆነ። ተሳስተሽ ነው ወይስ ሆን ብለሽ?»

ተሳስቼ ነው። ግን ሴትየዋ ቆጠራው የጠፋባት መሰለ። ተውኩት።

የኩዌቷ

ልብ እኮ ነሽ 😍። አክስትሽስ?

ተረኛዋ

ቅዳሜ ቡና ላይ አገኘኋት። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጀበናው ጋ ተደብቄ ነበር። «ያን ነገር ለምን አጠፋሽብኝ? ግማሽ ላይ ነበርኩ» አለችኝ። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መጨረሻ ላይ አለቀሰች?» ብላ ጠየቀችኝ።

አልነገርኳትም።