ድንክ አይጣችን ቀዝቅዛ አትንቀሳቀስም፤ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ

የልጅ እናት (ፍራንክፈርት)፦ ማሞቂያው ሌሊቱን ተበላሽቶ አደረ። ጠዋት የልጄን አይጥ ከመስታወት ሳጥኑ ጥግ ብቻዋን ተጠቅልላ አገኘኋት። በረዶ ሆናለች፤ ብነካትም አትነቃም። ሁለቱ እህቶቿ ጥጥ ውስጥ ተቃቅፈው ደህና ናቸው። ልጄ ቀትር ላይ ከትምህርት ቤት ይመጣል። ፀጉር ማድረቂያ ልጠቀም?

አባ መላ (ሮም)፦ እህቴ፣ አትቆጪኝና እኛ ቤት አይጥ ሲገኝ የሚጠራው ድመት ነበር። ስንት ወፍና ዓሣ እያለ ጎተራ አራቋች ለልጅ ይገዛል?

የልጅ እናት፦ የጎተራ አይጥ አይደለችም፤ የአፍሪካ ድንክ አይጥ ናት። ከአውራ ጣቴ አትበልጥም፤ ባለፈው ሳምንት 6 ግራም መዝናለች። ስለ መግዛቴ ሌላ ቀን ውቀሱኝ።

ሦስት አይጥ አሳዳጊ (ስቶክሆልም)፦ ማድረቂያውን ተዪው! ይህች ፍጥረት ሲበርዳት የሰውነቷን ሙቀት ዝቅ አድርጋ ድንዛዜ ውስጥ ትገባለች፤ እስትንፋሷ እስከማይታይ ይዘገያል። ሞታለች ብለሽ አትቅበሪያት። በመዳፍሽ ይዘሽ ደረትሽ ላይ አስጠጊያት፤ ቀስ ብላ ትሙቅ። ሳትነቃ አፏ ውስጥ ምንም አትጨምሪ፤ ሳንባዋ ይገባል።

አንጋፋው (ዋሽንግተን)፦ ልጄ፣ አስቀድሞ ስለምናሳድገው ማወቅ ይገባል። በዱር ከጉድጓዷ አፍ ላይ ጠጠር ትከምርና ሌሊት ያረፈበትን ጤዛ ማለዳ ትልሳለች። የኢትዮጵያ ደጋም ሙስ ማሆመት የምትባል ዘመዷ አለችው። አሜሪካ ግን ከአፍሪካ አይጥ ማስገባትን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከጋና በመጡ እንስሳት በኩል የዝንጀሮ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና።

አባ መላ፦ አየሽ እህቴ? እኔ ምን አልኩ?

ሦስት አይጥ አሳዳጊ፦ አባቴ፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ አሁን ግን የምትሞት ነፍስ በእጃችን አለች። በአውሮፓ የሚሸጡት ደግሞ አብዛኞቹ እዚሁ የተወለዱ ናቸው።

ሰላም (ቴል አቪቭ)፦ በመዳፍሽ ያዢያት፤ ፀጉር ማድረቂያ አይሆንም።

የልጅ እናት፦ ይዣታለሁ። ሃያ ደቂቃ ሆነ። ጢሟ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ሦስት አይጥ አሳዳጊ፦ የራሷ መንቀጥቀጥ ከሆነ ደስ ይበልሽ፤ ሰውነቷ ሙቀት ማምረት ጀምሯል ማለት ነው። የሞቀ ውኃ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለሽ ከሳጥኑ ግማሽ በታች ብቻ አድርጊ፤ ሲሞቃት ወደ ሌላው ጎን ትሸሽ። ስትነቃ እርጥብ ዱባ ወይም ኪያር፣ ቀጥሎም ዳጉሳ ስጫት። ከእህቶቿ ጋር መልሻት፤ እንዲህ ያለች ትንሽ ሙቀቷን ብቻዋን አትጠብቅም። ጥጡን ግን ዛሬውኑ አውጪው! ክሩ እግራቸው ላይ ይጠመጠማል፤ አንዲቱን የገደለብኝ እሱ ነው። የተቀደደ የወረቀት መሐረብ ይበቃል። ነቅታም የምትንገዳገድ ከሆነች ሐኪም ዘንድ ውሰጃት።

ሰላም፦ እህቴ፣ ነቃች?

ሰላም፦ ቀትር አለፈ። ልጁ መጣ ወይ?