የወጣት ኳርተርባክ የትሬድ ዋጋ ለምን እንዲህ ቶሎ ይወርዳል?

አራተኛው ዳውን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አሜሪካ እግር ኳስ ሊግ (NFL) አንድ ነገር ግራ ቢያጋባኝ ነው የምጠይቀው፤ ወጣት ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን ወርዋሪውና የጥቃቱ መሪ፣ በትሬድ (በክለቦች ልውውጥ) ሲሸጥ ዋጋው ቶሎ ይወርዳል። አሪዞና በ2018 ድራፍት (ክለቦች በሰባት ዙር አዲስ ተጫዋች በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፤ ተራው ራሱ «ምርጫ» ተብሎ ይሸጣል) ጆሽ ሮዘንን 10ኛ አድርጎ የመረጠው ከ15ኛ ተነስቶ፣ ለኦክላንድ የሦስተኛና የአምስተኛ ዙር ምርጫ ጨምሮ ነው። ልክ በዓመቱ ለማያሚ ሲያስተላልፈው ያገኘው 62ኛውን ምርጫና የቀጣዩን ዓመት አምስተኛ ዙር ብቻ ነበር። የትሬይ ላንስ ደግሞ ይብሳል። ሳን ፍራንሲስኮ በ2021 እሱን ለመምረጥ ወደ 3ኛ ሲወጣ 12ኛውን ምርጫ፣ የ2022 እና የ2023 አንደኛ ዙሮችን፣ በላዩም አንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ከፈለ፤ በኦገስት 2023 ዳላስ በአንድ የአራተኛ ዙር ምርጫ ወሰደው። በዚያው 2021 11ኛ የተመረጠው ጀስቲን ፊልድስ በማርች 2024 የሄደው በስድስተኛ ዙር ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ልጁ ያው ልጅ፣ ክንዱም ያው ክንድ ነው። ኮርነርባክ (ኳስ ተቀባዮችን የሚሸፍን ተከላካይ) ወይም የመስመር ተጫዋች (ኳርተርባኩን ከፊት የሚጠብቅ) አንድ መጥፎ ዓመት ቢያሳልፍ ዋጋው እንዲህ አይንኮታኮትም። ኳርተርባክ ላይ ለምን ይከፋል? ውሉ ነው፣ ጨዋታው ነው ወይስ ገበያው? በቁጥር የሚያስረዳኝ ካለ ደስ ይለኛል።

የካፕ ሒሳብ፦
ከውሉ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ክለብ ወጣት ኳርተርባክ ሲገዛ አብሮት የሚገዛው የቀሩትን ርካሽ ዓመታት ነው። ከ2011 የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ስምምነት ወዲህ የአዲስ ተጫዋች ክፍያ በተመረጠበት ቁጥር የተወሰነ ነው። ውሉ 4 ዓመት ነው፤ አንደኛ ዙር ከሆነ ክለቡ አምስተኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው። ይህን መብት የሚጠቀመው ግን ሦስተኛው የውድድር ዓመት ባለቀ በሜይ መጀመሪያ ነው። በ2020 በተፈረመው ስምምነት መሠረት ደግሞ አምስተኛው ዓመት ከተጨመረበት ቀን ጀምሮ ክፍያው ሙሉ በሙሉ የተረጋገጠ ነው። ቀድሞ ዋስትናው ለጉዳት ብቻ ስለነበር ክለቡ በኋላ ሐሳቡን መቀየር ይችል ነበር። አሁን አይችልም።

ስለዚህ የእያንዳንዱ ዓመት ማለፍ ዋጋውን በሩብ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው። ፊልድስን ተመልከት። ፒትስበርግ የገዛው ማርች 16 ነው፤ መወሰኛው ቀን የቀረው ስድስት ሳምንት ተኩል አካባቢ ነበር። ገዢው በእጁ ያለው 3 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ የሚከፈልበት አንድ የውድድር ዓመት ነው፤ ለ2025 ግን አንድም ጨዋታ ሳያይ ከ25 ሚሊዮን በላይ ማረጋገጥ አለበት። ፒትስበርግ አልጨመረም፤ የገዛው የአንድ ዓመት ሙከራ ነበር ማለት ነው። ለአንድ ዓመት ሙከራ ደግሞ ሁለተኛ ዙር የሚከፍል የለም።

ሌላኛውን መንገድ የሄደው ካሮላይና ነው። በኤፕሪል 2021 ሳም ዳርኖልድን ከጄትስ ወሰደ፤ የከፈለው የ2021 ስድስተኛ ዙር፣ የ2022 ሁለተኛና አራተኛ ዙር ነው። ወዲያው አምስተኛውን ዓመት ጨመረለት፤ 18.858 ሚሊዮን ዶላር፣ በሙሉ የተረጋገጠ። በዓመቱ ያንን ውል የሚረከብ ጠፋ። በዚያው 2022 ክሊቭላንድ ቤከር ሜይፊልድን ያንኑ 18.858 ሚሊዮን እንደተሸከመ ሊሸጥ ተነሳ። በ2018 1ኛ ተመርጦ የነበረ ልጅ ነው። ካሮላይና ሲወስደው ክሊቭላንድ ራሱ 10.5 ሚሊዮኑን ከፈለ፣ ተጫዋቹም ከደመወዙ ቀነሰ፣ ምላሹም ቅድመ ሁኔታ ያለው የ2024 አምስተኛ ዙር ነበር። ዋጋ ከዜሮ በታች ወርዶ ሻጩ ከኪሱ ጨምሮ ያስተላልፋል የሚባለው ይኼ ነው።

ወንበር ቆጣሪ፦
ውሉ ትክክል ነው፤ ግን የሮዘንን አይፈታም። ሮዘን ሲሸጥ ሦስት ርካሽ ዓመታት ከነአምስተኛው መብት ገና ነበሩት። የፊርማ ጉርሻው የሻጩ ዕዳ ሆኖ በአሪዞና ካፕ (የደመወዝ ጣሪያ) ላይ ስለሚቀር፣ ማያሚ ለሦስቱም ዓመት የተረከበው ክፍያ ከ6 ሚሊዮን ዶላር ብዙም አይበልጥም። ከዚህ የረከሰ የኳርተርባክ ውል አይገኝም። ዋጋው ግን ወደቀ።

የወደቀው በወንበሩ ነው። በሜዳ ላይ አምስት የመስመር ተጫዋች ይሰለፋል፤ ኮርነርባክም ሦስት አራት ያስፈልጋል፣ መጥፎ ዓመት ያሳለፈ እንኳ በመሐል ወይም በልዩ ቡድን (ለኳስ ምት በሚሰለፈው) ይጫወታል። ኳርተርባክ አንድ ነው። በሊጉ በሙሉ 32 ወንበር አለ፤ ከነዚያ ውስጥ በአንድ የውድድር ዕረፍት ወቅት በእውነት ባዶ የሚሆነው ከአምስት ስድስት አይበልጥም።

የሮዘንን ሰዓት በሰዓት እንየው። በጃንዋሪ 2019 ክሊፍ ኪንግስበሪ የአሪዞና አሰልጣኝ ሆኖ መጣ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አሪዞና ኬይለር መሪን 1ኛ ይመርጣል የሚለው ወሬ አልቆመም። አሪዞና ሮዘንን ሳይሸጥ እስከ ድራፍቱ ምሽት ቆየ። ሐሙስ ማታ፣ ኤፕሪል 25፣ መሪን መረጠ። በዚያው ምሽት ጃይንትስ ዳንኤል ጆንስን 6ኛ፣ ዋሽንግተን ድዌይን ሃስኪንስን 15ኛ ወሰዱ። ሁለት ገዢ በአንድ ማታ ከገበያው ወጣ። ዓርብ ሲነጋ አሪዞና ሁለት ኳርተርባክ አለው፣ አንዱን መሸጡን ዓለም ሁሉ ያውቃል፣ የቀረው ገዢ ማያሚ ብቻ ነው ቢባል ያስኬዳል። ማያሚም አልቸኮለም። መጀመሪያ 48ኛውን ምርጫ ለኒው ኦርሊንስ አሳልፎ ወደ 62ኛ ወረደ፣ ለወረደበትም የቀጣዩን ዓመት ሁለተኛ ዙር ተቀበለ፤ ከዚያ በኋላ ነው 62ኛውን ለአሪዞና የሰጠው።

በቁጥር ላልከው፣ ክለቦች ለረጅም ዘመን ሲመኩበት የኖሩት የጂሚ ጆንሰን የነጥብ ሠንጠረዥ አለ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዳላስ ውስጥ የተሠራ ነው። እዚያ 10ኛው ምርጫ 1,300 ነጥብ ነው፣ 62ኛው 284። 3ኛው 2,200 ነው፤ ላንስ የተሸጠበት አራተኛ ዙር ከ100 በታች። ዛሬ ክለቦች የራሳቸው ሠንጠረዥ አላቸው፣ የመውረዱ ቅርጽ ግን ያው ነው።

የፊልድስም ተመሳሳይ ነው። በማርች 2024 ነፃ ዝውውር በተከፈተ በጥቂት ቀናት አትላንታ ከርክ ከዝንስን፣ ሚኔሶታ ዳርኖልድን፣ የላስ ቬጋስ ሬይደርስ ጋርድነር ሚንሹን፣ ኒው ኢንግላንድ ጃኮቢ ብሪሴትን አስፈረሙ። ቺካጎ 1ኛውን ምርጫ ይዞ ስለነበር ኬይለብ ዊሊያምስን እንደሚወስድ የሚጠራጠር አልነበረም። በዚያ ድራፍት ከመጀመሪያዎቹ 12 ምርጫዎች ስድስቱ ኳርተርባክ ሆኑ። አዲስ ልጅ ከሙሉ አራት ዓመት ርካሽ ውል ጋር እያለ ያገለገለውን ማን በውድ ይገዛል?

ፊልም ተመልካች፦
ሁለታችሁም ያላችሁት ልክ ነው፤ ነገር ግን ገዢው መጀመሪያ የሚከፍተው ፊልሙን ነው። ኮሌጅ እያለ ዋጋው ተስፋ ነው። እንደ ሮዘን 13 ጨዋታ በቋሚነት ተሰልፎ ከጀመረ በኋላ ግን ማስረጃ አለ።

ስካውቶች (የክለብ ተጫዋች መልማዮች) የሚፈልጉት ምን እንደሆነ በአንድ ስናፕ (ኳሱ ከመሬት ተነስቶ በሚጀመር አንድ እንቅስቃሴ) ላሳይ። ሁለተኛ ዳውን ነው (10 ያርድ ለመሄድ ከተሰጡት አራት ሙከራዎች ሁለተኛው)፣ 7 ያርድ ይቀራል። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ሁለቱ ሴፍቲዎች (የመጨረሻዎቹ ተከላካዮች) ርቀው ቆመዋል፤ ኳሱ እንደተነሳ አንደኛው ወደ መሐል ወርዶ የመጀመሪያውን ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ) መንገድ ይዘጋል። የበሰለው ኳርተርባክ የመጨረሻዋ የኋልዮሽ እርምጃው መሬት ስትነካ ይህን አይቶ ዓይኑን ወደ ሁለተኛው ያዞራል፣ እግሩም አብሮ ይዞራል። ያልበሰለው የመጀመሪያው ላይ ዓይኑን ተክሎ ይቀራል። ኳሱን አንዴ ይነካካል፣ እግሩ ባለበት ይረግጣል፣ 3 ሰከንድ ያልፋል፤ ከዚያ ፖኬቱ (የመስመር ተጫዋቾቹ የሠሩለት ከለላ) ሳይፈርስ ራሱ ጥሎት ወደ ቀኝ ይወጣና ዳር ያለው ተከላካይ እጅ ውስጥ ይገባል። 7 ያርድ ወደኋላ፤ ሦስተኛ ዳውን፣ 14 ያርድ። የቡድኑ የማጥቃት ተራ እዚያ ላይ አለቀ።

ለዚህ ነው ከኢንተርሴፕሽን (የተወረወረው ኳስ በተጋጣሚ ከመያዙ) ይልቅ ሳክ (ኳርተርባኩ ኳሱን ሳይወረውር መያዙ) የሚያስፈራቸው። ኢንተርሴፕሽን በውሳኔ ትምህርት ይቀንሳል፣ ዕድልም አለበት። ኳስ ይዞ የመቆየት ልማድ ግን ከክለብ ክለብ አብሮ ይሄዳል። የሚለካውም ጫና ከደረሰበት ስናፕ ስንቱ በሳክ አለቀ በሚል ነው። አንድ አምስተኛ አካባቢ የተለመደ ነው፤ ሩቡን ካለፈ ገዢው ይጠነቀቃል። ፊልድስ በ2022 1,143 ያርድ ሮጦ ሁሉን አስደነቀ፣ በዚያው ዓመት 55 ጊዜ ሳክ ሆነ። ሁለቱም ከአንድ ልማድ የመጡ ናቸው።

የሮዘንን ስታነብ ግን ተጠንቀቅ። በ2018 የገጠመው 45 ሳክ የተሰባበረ መስመርም ውጤት ነው። የጥቃት አስተባባሪው ማይክ ማኮይ በኦክቶበር ተባረረ፣ ባይረን ሌፍትዊች ተካው፣ በዓመቱ መጨረሻ ዋና አሰልጣኙ ስቲቭ ዊልክስም ተሸኘ። ማክ ጆንስም እንዲሁ ነው። በ2021 በጆሽ ማክዳንኤልስ ሥር 10 አሸንፎ 7 ተሸነፈ፤ ማክዳንኤልስ ሲሄድ በ2022 ጥቃቱን የያዙት ማት ፓትሪሺያና ጆ ጀጅ ናቸው፣ በ2023 ደግሞ ቢል ኦብራይን መጣ። ሦስት ዓመት፣ ሦስት የጨዋታ ቋንቋ። በማርች 2024 በስድስተኛ ዙር ለጃክሰንቪል ተሰጠ። አዲስ አሰልጣኝ ያልመረጠውን ልጅ ለማዳን ሥራውን አያስይዝም፤ ይህም ዋጋው ውስጥ ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሻጩ ራሱ የሚሰጠው ምልክት ነው። ልጁን በየቀኑ ልምምድ ላይ የሚያየው እሱ ነውና። ላንስ አራት ጨዋታ ብቻ ነበር የጀመረው፣ በሴፕቴምበር 2022 ቁርጭምጭሚቱ ስለተሰበረ ክፉ ፊልም እንኳ ብዙ አልነበረውም። ነገር ግን በኦገስት 2023 ሳን ፍራንሲስኮ 262ኛ የተመረጠውን ብሮክ ፐርዲን አንደኛ፣ ዳርኖልድን ሁለተኛ አድርጎ ላንስን ሦስተኛ አስቀመጠው። ያን ቀን ሌሎቹ 31 ክለቦች ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም።

አራተኛው ዳውን፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። እንግዲያው ሻጭ ብሆን መቼና እንዴት ልሽጥ? ከሸጥኩ በኋላ ልጁ ቢያንሰራራስ?

የካፕ ሒሳብ፦
መቼ ላልከው፣ ነፃ ዝውውር በማርች አጋማሽ ከመከፈቱ በፊት ንግግሩን ጨርስ። ከተከፈተ በኋላ በየቀኑ አንድ ወንበር ይዘጋል። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ መሸጥ ከሦስተኛው በኋላ ከመሸጥ በጣም ይሻላል፤ ገዢው ስለ አምስተኛው ዓመት ሳይወስን አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ያየዋልና። ተተኪውን በአደባባይ አታውጅ።

ዘግይተህ ከሆነ ሁለት መሣሪያ አለህ። አንደኛው ደመወዙን መጋራት ነው፤ ጄትስ ዛክ ዊልሰንን በኤፕሪል 2024 ለዴንቨር ሲሰጥ ደመወዙን ሁለቱ ክለቦች ተካፈሉት። እንዲያም ሆኖ በ2021 2ኛ የተመረጠው ልጅ ከሰባተኛ ዙር ጋር ተደምሮ ያመጣው አንድ የስድስተኛ ዙር ምርጫ ነው። ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ ያለው ምርጫ ነው። ቺካጎ ፊልድስ በ2024 ከስናፖቹ 51 በመቶ ከተጫወተ ስድስተኛው ዙር አራተኛ እንዲሆን ተስማማ። እዚህ ላይ ግን መስፈርቱን ስትጽፍ ልብ በል፤ ማን እንደሚሰለፍ የሚወስነው ገዢው ነው። ፊልድስ ስድስት ጨዋታ ጀምሮ አራቱን አሸነፈ፣ ራስል ዊልሰን ከጉዳት ሲመለስ ተቀመጠ፣ ምርጫውም ስድስተኛ እንደሆነ ቀረ።

ወንበር ቆጣሪ፦
ስለማንሰራራት ልጨምር። ዋጋ ይመለሳል፣ ግን የተመለሰው ለሻጩም ለመጀመሪያው ገዢም አይደርስም። ሜይፊልድ ከካሮላይና ከወጣ በኋላ በ2023 ታምፓ በነፃ ዝውውር፣ በአንድ ዓመት ውል በርካሽ አስፈረመው፤ በማርች 2024 ያው ክለብ 3 ዓመት፣ 100 ሚሊዮን ዶላር ጻፈለት። ዳርኖልድ ሚኔሶታ በ10 ሚሊዮን የአንድ ዓመት ውል ወስዶት በ2024 14 አሸንፎ 3 ተሸነፈ፣ በ2025 ሲያትል 3 ዓመት በ100.5 ሚሊዮን ወሰደው። ታምፓም፣ ሚኔሶታም፣ ሲያትልም ልጆቹን ለማግኘት አንድም የድራፍት ምርጫ በትሬድ አልከፈሉም። ምርጫቸውን የከፈሉት ጄትስ፣ ክሊቭላንድና ካሮላይና ናቸው።

ፊልም ተመልካች፦
ሁለቱም ሲያንሰራሩ ፊልሙ ላይ የተለወጠው ኳሱ ከእጅ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ወደ ሁለተኛው ሪሲቨር በሰዓቱ መዞር ጀመሩ፣ የሚጠብቃቸው መስመርና ጥሩ ሪሲቨርም አገኙ። ርካሽ ኳርተርባክ የምትገዛ ከሆነ ሦስት ነገር ለይተህ እይ፦ ሳኩ ከመስመሩ ነው ወይስ ከእሱ፣ ስንት አስተባባሪ ተፈራረቀበት፣ የወረደው በጉዳት ነው ወይስ ልምምድ ላይ ተበልጦ። በጉዳትና በአስተባባሪ የወረደውን አምስተኛ ዙር ሰጥተህ ሞክረው። ልምምድ ላይ የተበለጠውን ግን ውሉ እስኪያልቅ ጠብቀህ በነፃ ዝውውር አናግረው።