የኢኮኖሚክስ ሽልማት ታሪክ ዐውደ ርእይ፦ የጋራ ረቂቅ፣ ዓርብ ይዘጋል

ጸሐፊ፦ 8 ፓነል ነው፣ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ። ዋናው አርተር ሉዊስ ነው፦ የሴንት ሉሺያ ልጅ፣ በ1979 በኢኮኖሚክስ የተሸለመ የመጀመሪያው ጥቁር፣ ጋና በ1957 ነፃ እንደወጣች ያማከራት። ዓርብ ካልገባ በጀቱ ለስፖርት ኮሚቴው ያልፋል።

አባል 14፦ ባነሩ ላይ «የኢኮኖሚክስ ኖቤል» ተብሏል። ኖቤል በ1895 ኑዛዜው ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ሕክምና፣ ሥነ ጽሑፍና ሰላም አለ እንጂ ኢኮኖሚክስ የት አለ? ይኼኛውን በ1968 ያቋቋመው የስዊድን ማዕከላዊ ባንክ ነው፣ 300ኛ ዓመቱን ሲያከብር። የሚከፍለውም እሱው። ካልታረመ አልፈርምም።

ገንዘብ ያዥ፦ «የስዊድን ማዕከላዊ ባንክ ለአልፍሬድ ኖቤል መታሰቢያ የሚሰጠው የኢኮኖሚ ሳይንስ ሽልማት»። 10 ቃል! ባነሩ 3 ሜትር በ1 ነው፤ ሁለት መስመር ላይ ብንሰብረው እንኳ ለሥዕል ቦታ አይተርፍም። ሁለተኛ ባነር በጀት የለውም።

አባል 31፦ መራጩ ያው ፊዚክስና ኬሚስትሪን የሚመርጠው የሳይንስ አካዳሚ፣ ሥነ ሥርዓቱ ያው ዲሴምበር 10፣ ገንዘቡ ያው 11 ሚሊዮን ክሮና። ምን ያጣላል?

አባል 14፦ የኖቤል ፋውንዴሽን ከዚህ ወዲያ አዲስ ሽልማት አልጨምርም ያለው ለምን መሰለህ? ኢኮኖሚስቱ ሃየክ ራሱ በ1974 ተሸልሞ፣ የሽልማቱ እራት ላይ ቆሞ፣ ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ «ሽልማቱ አይቋቋም» ይል እንደነበር ተናግሯል።

አባል 31፦ ሃየክን የከነከነው ስሙ አይደለም፤ በኢኮኖሚክስ ለአንድ ሰው ያን ያህል ተሰሚነት መስጠቱ ነው። ግማሹን አንብቦ መሟገት!

አባል 14፦ አፍህን ሰብስብ።

ኦዲተር፦ ተዉ እንጂ። የተሸላሚው ስም በፊዚክሱ ሜዳሊያ ጀርባው ላይ ነው፣ በኢኮኖሚክሱ ግን ጠርዙ ላይ፤ ልብ ብሎ የሚያየው የለም። በ1975 የተሸለሙት የሶቪየቱ ካንቶሮቪችና የአሜሪካው ኩፕማንስ አንዱ የሌላውን ሜዳሊያ ይዞ አገሩ ገባ። ቀዝቃዛው ጦርነት ነበርና ለመመለስ 4 ዓመት ዲፕሎማሲ ፈጀ። ይህ አንድ ፓነል አይወጣውም?

ገንዘብ ያዥ፦ ሰው የሚያቆመው ይሄ ነው። ከ8 ግን አይዘልም።

አባል 14፦ ሜዳሊያው ከገባ ፊቱም ይታይ፤ የባንኩ ስም ከነ1968 ተጽፎበታል። እንግዲያው ባነሩ ላይ «መታሰቢያ» የምትለዋ ብቻ ትግባ፣ እፈርማለሁ።

አባል 31፦ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የኖቤል ከባንክም በላይ ዋለ። ትግባ። ቅድም ለተናገርኩት ይቅርታ።

ጸሐፊ፦ ፍሪሽና ቲንበርገንን፣ የ1969ኞቹን የመጀመሪያ ተሸላሚዎች፣ እጽፋለሁ ያለው አባል 9 የት ገባ? የ2009ኟን ኦስትሮምንስ ማን ያዘ? የመጀመሪያዋ ሴት ናት፣ አትዘለልም።

ኦዲተር፦ አባል 9 ከሰኞ ጀምሮ ስልክ አያነሳም።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ሉዊስ ከ1969ኞቹ ጋር አንድ ፓነል ላይ ይጠጋጋ። የለቀቀውን ፓነል ሜዳሊያው ይውሰድ።

ጸሐፊ፦ ረቂቁ የተነሣው ለሉዊስ ነበር እኮ!

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለት አንቀጽ ይበቃዋል። የሜዳሊያው ሥዕል 60 በ60 ሴንቲ፣ ጠርዙ ወደ ተመልካች የዞረ። ማተሚያ ቤቱ ፋይል የሚቀበለው ነገ እስከ 10 ሰዓት ነው።