«ሩብ ካሬዬን ማን በላት?» ተባልኩ፣ ምን ልመልስ?

ጀማሪ ቀያሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ቦታ ጎኖችን በቴፕ ለካሁ፤ 14.32 በ20.08 ሜትር፣ ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ። ኤክሴል 287.5456 ካሬ አለኝ፣ እንዳለ መዝገቡ ላይ ገለበጥኩት። በቀደም ሌላ ቀያሽ ለክቶ 287.3 አገኘ። ባለቦታው ሽማግሌ ናቸው፣ «ሩብ ካሬዬን ማን በላት?» እያሉ ይመላለሳሉ። ስንት አሃዝ መጻፍ ነበረብኝ?

የመስክ ሰው፦ አይዞህ፣ ማንም አልበላትም። ቴፑን ያነበብከው እስከ ሴንቲሜትር ነው። አጭሩ ጎን አንድ ሴንቲ ቢስት 0.20 ካሬ ያመጣል፣ ረጅሙ ቢስት 0.14። ሁለቱም ወደ አንድ በኩል ከሳቱ 0.34 ደረሰ። ታዲያ «5456» ከየት መጣ? ከኤክሴል እንጂ ከመሬቱ አይደለም። 287.5 ብለህ አቁም።

ችካል፦ ልክ ነው፣ ግን እኛ ጋ ፎርሙ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ካልሞላህ ይመለስብሃል። እኔ 287.55 እሞላና ማስታወሻው ላይ «በቴፕ የተለካ፣ እስከ 0.3 ካሬ ሊለያይ ይችላል» እላለሁ። ደግሞ ዜሮ አትጣል። 14.30 ያነበብከውን 14.3 ካልከው፣ ሴንቲሜትሩን አላየሁም እንደማለት ነው።

ጀማሪ ቀያሽ፦ እሺ፣ ጎኖቹንም ከመጀመሪያው ላጠጋጋ?

የመስክ ሰው፦ ኧረ በፍጹም! 14.3 በ20.1 ብታባዛ 287.43 ይወጣል፤ 287.4 ልትጽፍ ነው። ስሌቱን ሙሉውን ይዘህ ሂድ፣ ማጠጋጋት መጨረሻ ላይ ነው።

ካሬ በካሬ፦ ኮኦርዲኔት (ነጥቡ የት እንዳለ የሚናገር የሜትር ቁጥር) ላይ ግን አሃዝ መቁጠር አይሠራም። 473512 ስድስት አሃዝ ስላለው ጥሩ ልኬት ነው ማለት አይደለም። የእጅ ጂፒኤስ ሜዳ ላይ እንኳ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል፤ በእሱ ይዘህ 473512.384 ስትጽፍ ሰው በአርቲኬ (እስከ ሴንቲሜትር በሚለካ የሳተላይት መሣሪያ) የተለካ ይመስለዋል። መሣሪያውን ጻፍ። ኮኦርዲኔቱ የተቆጠረበት መነሻም የድሮው አዲንዳን ይሁን ጂፒኤስ የሚጠቀምበት ደብልዩጂኤስ 84 ጻፍ፤ አዲስ አበባ አካባቢ የአንድ ነጥብ ኮኦርዲኔት በሁለቱ መካከል ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት አለው። እዚያ ከተሳሳትክ የሴንቲሜትሩ ክርክር ቀልድ ነው።

ጀማሪ ቀያሽ፦ ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። የድሮውን ቁጥር በፍሉድ ላጥፋው?

ችካል፦ እንዳታደርገው! አንድ መስመር ሰርዝበት፣ የድሮው ይነበብ። አዲሱን ከጎኑ ጻፍ፣ ቀን አድርግበትና ፈርም። ለጋሼም ቴፑን ይዘህ ሂድ፤ እሳቸው አንዱን ጫፍ ይያዙ፣ ሁለት ሦስቴ ለኩት። ሴንቲሜትሯ ስትዋዥቅ በዓይናቸው ይዩዋት።