የዘይት ጌጁ ዜሮ ይላል፤ ቡልቦውን ልቀይር ወይስ ሞተሩ ነው?

ባለ ማዝዳ (ጎንደር)፦
ሰላም ለቤቱ። መኪናዬ የ1992 እ.ኤ.አ. ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፣ ባለ 1.6 ሞተር። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የዘይት ግፊት ጌጁ ድንገት ዜሮ ላይ ይወድቃል። ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ድምፁ አልተቀየረም፤ ዘይቱም ሙሉ ነው። ግን የቡልቦው (ግፊቱን ለክቶ ለጌጁ የሚነግረው ሴንሰር) ሶኬት በዘይት ርሷል። አንዱ ቡልቦ ቀይር ይለኛል፣ ሌላው ሞተሩ ይውረድ ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የደባርቅ መስመር ሹፌር፦
ወንድሜ፣ ግፊቱ በትክክል እስኪለካ ድረስ አቁማት። ግፊቱ የእውነት ወርዶ ከሆነ ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ንጣፍ) ይበላል፤ ያኔ ወጪው ሌላ ነው።

ሜካኒክ ከአዘዞ፦
የተባለው ልክ ነው። ሞተር ለማውረድ ግን አትቸኩል። ሶኬቱ ላይ ዘይት ካለ ቡልቦው ውስጡ ተቀዶ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ መቀየሩ አይቀርም። አሮጌውን ስትፈታ፣ አዲሱን ከማሰርህ በፊት በዚያው ቀዳዳ የእጅ ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) አስገባና ሞተሩን አሙቀው። ሞተሩ በደቂቃ ለሚዞረው ለእያንዳንዱ 1000 ዙር ወደ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መስፈሪያ) ይበቃል የሚባለው የተለመደ ግምት ነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጠው) ከዚያ በደንብ ከፍ ብሎ፣ ነዳጅ ስትሰጠው የሚጨምር ከሆነ ሞተርህ ጤነኛ ነው።

ሽቦውንም ፈትሽ። ቁልፉን ከፍተህ ሽቦውን ከቡልቦው ንቀልና ለአፍታ ብቻ ሞተሩ ብረት ላይ አስነካው። ጌጁ ወደ ላይ ከወጣ ሽቦውና ጌጁ ደህና ናቸው።

ማራኪ ሰፈር፦
ዕቃ ስትገዛ ተጠንቀቅ። የዚህች መኪና ሞተር ከማዝዳ 323 ቤተሰብ ስለሆነ ሱቅ ውስጥ የ323ን ቡልቦ ይሰጡሃል። ጥርሱ (የሚጠመዘዘው ክፍል) ይገባል። ግን መብራት ብቻ የሚያበራው ትንሹ ከሆነ የአንተን ጌጅ በትክክል አያስነብብም። እስከ 1994 የተሠሩት ኤምኤክስ-5ዎች እውነተኛ ግፊት የሚያነብ ጌጅ አላቸው፤ የእነሱ ቡልቦ ወፍራም፣ ክብ ጣሳ የመሰለ ነው። ከ1995 ወዲህ ያሉት ግፊት አለ ወይም የለም ብቻ ነው የሚናገሩት። አሮጌውን ፈትተህ በእጅህ ይዘህ ሂድ። ከአዲስ አበባ የምታስልክ ከሆነ ደግሞ ፎቶውን ቀድመህ ላክላቸው።

ባለ ማዝዳ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቦታው ግን ጠባብ ነው፣ እጄ አይደርስም። ቴፍሎን ልጠቅልልበት?

ሜካኒክ ከአዘዞ፦
ከተሳፋሪው በኩል፣ ከዘይት ፊልትሮው አጠገብ ነው ያለው። ከላይ ማኒፎልዱ (የአየር ማስገቢያ ቱቦዎቹ) ስለሚሸፍነው ከሥር መሥራት ይቀላል። መኪናዋን በክሪክ ብቻ አትመናት፤ ጠንካራ ድጋፍ አድርግላት። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ፣ ከሥር ጨርቅ አንጥፍ፤ ትንሽ ዘይት ይፈሳል።

ቁልፉን ብረቱ ላይ ብቻ ያዝ። ጣሳውን በፒንሳ አንቀህ ካዞርከው አዲሱ ገና ሳይሠራ ይበላሻል፤ ብዙ ሰው የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ቴፍሎን አታብዛ፤ ቡልቦው ኔጋቲቩን የሚያገኘው በጥርሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥርሶች ባዶ ተዋቸው። ጥርሱ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ራሱ ይጠብቃል፤ አታስጨንቀው።

ባለ ማዝዳ፦
በማኖሜትር አስለካሁት። ሞቆ ሚኒሞ ላይ 30 ፒኤስአይ፣ በ3000 ዙር ደግሞ 50 አነበበ። ወፍራሙን ቡልቦ አዝዣለሁ። በጣም ነው የማመሰግናችሁ!

ሜካኒክ ከአዘዞ፦
ግፊትህ ደህና ነው። ሞተር የሚያወርድ ነገር የለም። ካሰርከው በኋላ ሞተሩን አሙቀህ ጥርሱ ዙሪያ በባትሪ መብራት እይ፤ ደረቅ ከሆነ ጨርሰሃል። ሶኬቱን ደግሞ በቤንዚን እጠበውና አድርቀህ ግጠመው። አሮጌው ዘይት እዚያ ከቀረ ጌጁ እንደገና ይዘላል።