አስቸኳይ!! "ውቅያኖስ" ከየት የመጣ ቃል ነው? አረብኛውም ተበታተነብኝ

ሰሊ_ባነር፦
በናታችሁ ቶሎ ድረሱልኝ፣ ማሽኑ ላይ ስቲከር ተጭኖ ፋይል እየጠበቀ ነው፣ ደንበኛው 11 ሰዓት ላይ መጥተው ሊወስዱ ነው። ቸርችል አካባቢ ለሚከፈት ዓሳ ቤት የግድግዳ ጽሑፍ ነው፣ ውቅያኖስ የሚለው ቃል በየቋንቋው ተጽፎ ከስሩ ትርጉሙና የመጣበት ይገባል። አረብኛውን ፔስት ሳደርገው ፊደሎቹ ተለያይተው ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደሩብኛል። ደሞ ሰውየው "ውቅያኖስ ከእንግሊዝኛው ኦሽን የተወሰደ" ብለው ነው የሰጡኝ፣ እኔ ልክ አልመሰለኝም፣ እንደዚሁ ላትመው? ውቅያኖስ ነው ውቂያኖስስ?

የቂርቆስ_ልጅ፦
ዓሳው የሚመጣው ከዝዋይና ከአርባ ምንጭ፣ ውቅያኖስ ምን አገባው 😂 ሐይቅ በሉት

ሰሊ_ባነር፦
ስሙ ንግድ ፈቃድ ላይ ወጥቷል ወንድሜ፣ አባታቸው ድሮ ምፅዋ ባሕር ኃይል ነበሩ። እባክህ ሰዓት የለኝም

ፎንት_ማስተር፦
በምን ፕሮግራም ነው የምትሠሪው? እሱን ሳትነግሪን እንዴት ነው የምንረዳሽ

የግእዝ_ተማሪ፦
እህቴ "ከእንግሊዝኛ" ብለሽ እንዳታትሚ፣ ትልቅ ስህተት ነው የሚሆነው። ቃሉ የግሪክ ነው፣ ኦኬአኖስ ይሉታል። የጥንት ግሪኮች ምድርን ዙሪያዋን የሚከብ አንድ ትልቅ ወንዝ አለ ብለው ያምኑ ነበር፣ ኦኬአኖስ የሱ ስም ነው፣ ሄሲዮድ የሚባለው የጥንት ግሪክ ገጣሚ ጋ ደግሞ የሰማይና የምድር ልጅ የሆነ ቲታን ነው፣ ከቀደምት አማልክቶቻቸው አንዱ። በኋላ ከሜዲትራንያን ውጪ ላለው፣ ከጅብራልተር ወዲያ ላለው ሰፊ ውሃ ስም ሆነ። እንግሊዝኛው በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ ኦሽን አለው፣ እኛ ጋ ደግሞ በግእዝ በኩል ገባ፣ ስለዚህ ሁለቱ የአንድ አያት ልጆች እንጂ አንዱ ካንዱ አልወጣም። ምልክቱን ራስሽ ታይዋለሽ፣ ግእዝ የግሪክን "ክ" በ"ቅ" ነው የሚቀበለው፣ ማርቆስን ሉቃስን አስቢያቸው። ከእንግሊዝኛ ብንወስደው ኖሮ "ቅ"ም "ኖስ"ም ከየት ይመጡ ነበር? ቅ በሳድስ ነው፣ ውቅያኖስ በይ፣ ውቂያኖስ አይደለም።

ሀገር_በቀል፦
ሁሌ ሁሉንም ነገር ለግሪክ መስጠት ምንድነው?? ግእዝ ይቀድማል፣ እነሱ ናቸው ከኛ የወሰዱት

የግእዝ_ተማሪ፦
ወንድሜ ግእዝን እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ቃሉ ሆሜር ግጥሞች ውስጥ አለ፣ እነሱ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት 8ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የሚባሉ ናቸው፣ የግእዝ ጽሑፍ ከዛ በብዙ ይዘገያል። የኛ የራሳችንን ከፈለግክ ባሕር አለልህ፣ ቀላይ አለልህ፣ ጥልቅ ውሃ ማለት ነው፣ ዘፍጥረት መጀመሪያ ላይ ጨለማ በላዩ ነበረ የተባለው ቀላይ ነው። ግሪኮቹ ራሳቸው ኦኬአኖስን ከነሱ በፊት ከነበረ ሕዝብ ቋንቋ ሳይወስዱት አልቀረም የሚሉ ምሁራን አሉ።

ሰሊ_ባነር፦
ኢላስትሬተር ነው ይቅርታ። 10 ሰዓት ሆነ እኮ

ሀዋ_መርካቶ፦
ሰሊዬ አረብኛው ሙሒጥ ነው አይደል? የሚከብ ማለት ነው፣ ምድርን የሚከብ ባሕር። ከላይ ወንድማችን ስለ ግሪኮቹ ወንዝ ያለውን ስታዪው ሐሳቡ አንድ ነው፣ ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን አድርጊያቸው ያምራል። የድሮ አረብ ጂኦግራፊ ጸሐፊዎች ኡቅያኑስም ይሉት ነበር። ልክ መሆኑን በዚህ እወቂ፣ አራቱም ፊደል ተያይዘው ነው የሚወጡት፣ በቀኝ ከሚም ይጀምራል፣ ከስር ያሉት ሁለት ነጥቦች የያ ናቸው፣ በግራ ጣ ላይ ያልቃል። ተለያይተው ካየሻቸው በፍጹም እንዳታትሚ፣ አረብኛ አንባቢ ሲያየው ያዝናል።

ባድ_ዌይን፦
ሶማልኛውንም ጨምሪ፣ ባድዌይን ነው፣ ባድ ባሕር ዌይን ትልቅ። ሂንዲውም እንደዛው ነው፣ ማሃሳጋር፣ ታላቅ ባሕር። ቱርኮች ግን እንደኛ ከግሪኩ ኦክያኑስ ይላሉ

የቂርቆስ_ልጅ፦
ሰላማዊ ውቅያኖስስ ለምን ሰላማዊ ተባለ፣ እዛ እኮ ነው አውሎ ነፋሱ ሁሉ

ባድ_ዌይን፦
መርከበኛው ማጄላን ነው ያወጣለት፣ በ1520 በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ያለውን አስቸጋሪ ወሽመጥ አልፎ ሲወጣ ውሃው ጸጥ ብሎ ስላገኘው

ፎንት_ማስተር፦
ኢላስትሬተር ከሆነ ቀላል ነው። ፕሪፈረንስ ውስጥ ታይፕ የሚለው ጋ ግቢና ኢንዲክ ኦፕሽንስ የሚለውን አብሪ፣ ከዛ ጽሑፉን መርጠሽ ፓራግራፍ ፓናል ጥጉ ላይ ካለችው ሜኑ ሚድል ኢስተርን ኮምፖዘርን ምረጪ፣ ፊደሎቹ እዛው ይያያዛሉ። ካልሆነ ፎንቱ አረብኛ የለውም ማለት ነው፣ ቀይሪው። ሲስተካከል አውትላይን አድርጊና (ፊደሎቹን ወደ ቅርጽ ቀይሪና) ነው ወደ ማሽኑ የምትልኪው፣ አለበለዚያ ማሽኑ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ ይበታተናል

ሀገር_በቀል፦
ቀላይንም ግድግዳው ላይ ጻፊው እንግዲህ፣ ከውቅያኖስ ጎን

ዲጂታል_አራዳ፦
ፕሪፈረንስ ታይፕ ውስጥ ግቢና ኢንዲክ ኦፕሽንስን አብሪው፣ እኔም እንደዛ ነው ያስተካከልኩት